እናቴ ለሁሉም ነገር «እሺ» ነው የምትለው፤ የአረጋውያን ቤት እንዴት ልምረጥላት? (ደሴ/ኮምቦልቻ)

የሙጋዷ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ጨንቆኝ ነው።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ባለፈው ኅዳር ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ደከመ፤ ንግግሯም ሄደ። የቀራት አንድ ቃል «እሺ» ነው። ውሃ ልስጥሽ? እሺ። አመመሽ? እሺ። ልሂድ? እሺ። ግፊትም ስኳርም አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች።

የምትኖረው ደሴ፣ ሙጋድ ነው። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ ከበር እስከ መንገድ 19 ደረጃ አለው። እስካሁን የያዘቻት የአክስቴ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። ወንድሜ ጂዳ ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለሁት፤ አሳንሰር የለውም፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ሠራተኛ ሞክረናል። ሦስቱም ከወር አላለፉም።

ሁለት ቤት ተጠቁሞኝ ሄጄ አየሁ። አንዱ ደሴ ነው፣ ሌላው ኮምቦልቻ። ስማቸውን አልጠራም። የደሴው በጣም ያምራል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ ፈቃድና የምስክር ወረቀት። ያስጎበኘኝ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። የኮምቦልቻው ተራ ግቢ ነው፤ የቆርቆሮ ቤት፣ መሀል ላይ የማንጎ ዛፍ። ልቤ ወደ ደሴው አድልቷል። ግን ምን ማየት እንዳለብኝ አላውቅም። እናቴ ቢበድሏት እንኳ «እሺ» ነው የምትለው። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

የምታውቁ ንገሩኝ።

ወረኢሉ_67

ልጄ፣ ክፉ ልናገርሽ ብዬ አይደለም። እናት የምትጦረው ቤቷ ነው። እኔ እናቴን አልጋ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ጦሬያለሁ። ባለቤቴ ነች አጥባ፣ አጉርሳ፣ ለወግ ያበቃቻት። ሰው ደግሞ ያወራል፤ «እናቷን ጣለች» ይባላል። ዘመድ አሰባስቢና ተመካከሩ።

ሲስተር_ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ ባለቤትዎን እግዜር ብድራቷን ይክፈላት። ግን እሷ ነች የጦረችው። የሙጋዷ ቤት ቀኑን ሙሉ የሚውል እንደዚያ ያለ ሰው የለም። ችግሩ እሱ ነው።

እህቴ፣ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከየቤቱ ተጭነው የሚመጡ አረጋውያንን ስንቀበል መጀመሪያ የምናየው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ፊታቸውን አይደለም። ተረከዛቸውንና ከወገባቸው በታች ያለውን የጅራት አጥንት ነው። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው። መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ ጠቆር ይላል፣ በእጅ ሲነኩት ይሞቃል ወይ ይጠጥራል። ያኔ ካልተደረሰበት በቀናት ውስጥ ይከፈታል። አንዴ ከተከፈተ ለመዳን ወራት ይፈጃል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ራሷን ማገላበጥ የማትችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ትገላበጣለች፤ ዳይፐሯ ሳይቆይ ይቀየራል፤ ቆዳዋ ደረቅ ይሆናል። በቃ። ግን ሌሊትም ጭምር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ የሚያገላብጥ ሰው አለ ወይ? ጥያቄሽ ይሄ ይሁን። «እናገላብጣለን» ሁሉም ይላል። «የምትጽፉበትን ወረቀት አሳዩኝ» በይ። የሰዓት መዝገብ ከሌለ ማገላበጡም የለም ብለሽ ያዢ።

ሁለተኛው አመጋገብ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ይቸግረዋል። ተኝታ ካጎረሷት ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። ቀና ብላ ተቀምጣ፣ በትንሽ በትንሹ፣ የመጀመሪያውን ስትውጥ ጠብቀው ሁለተኛውን ማጉረስ አለባቸው። ከበላችም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መተኛት የለባትም። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ሂጂ። አንዷ ለስንት ሰው እንደምታጎርስ ቁጠሪ። ችኮላውን ታዪዋለሽ።

ሦስተኛው ክብደት ነው። በገባች ቀን ይመዝኗት፤ ከዚያ በየወሩ። በአንድ ወር ውስጥ ከመቶ አምስት ከቀነሰች፣ 50 ኪሎ ከሆነች ሁለት ኪሎ ተኩል ማለት ነው፣ ዝም የሚባል አይደለም።

ደግሞ አሁን ዐቢይ ጾም ነው። እናትሽን «እማማ፣ እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ?» ቢሏት መልሷ «እሺ» ነው። ጠዋት ኢንሱሊን ወግተው ምግቡን ቢያዘገዩባት ስኳሯ ይወርዳል፤ ላብ በላብ ሆና ራሷን ትስታለች። መናገር ስለማትችል «ራበኝ፣ ዞረብኝ» አትልም። ይሄን ለሚንከባከቧት ሰዎች በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ስጪያቸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ቀኝ ጎኗ ሲደክም ንግግሯም አብሮ የሄደው የተጎዳው የአንጎሏ ግራ ክፍል ስለሆነ ነው። ቃሉ ጠፋባት እንጂ ሰውየዋ አለች። አብዛኛውን ትሰማለች፣ ታውቃለች። ፊቷ ላይ ቆመው እንደሌለች አድርገው የሚያወሩ ሠራተኞች ካየሽ ከዚያ ቤት ውጪ።

የሙጋዷ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የደሴው ቤት ግን «ከ4 ሰዓት በፊትና ከ11 ሰዓት በኋላ ጠያቂ አናስገባም» ብሎኛል። መኝታ ክፍሎቹንም «ተኝተዋል» ብለው ከበር ነው ያሳዩኝ። ልክ ነው?

ሜሪላንድ_ያለሁት

ሰላም የአገሬ ልጅ። የሰኞ ገበያ ልጅ ነኝ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን ቤት በነርስ ረዳትነት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ አካባቢ ይሄን ሥራ የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው፤ የሰውን እናት እያጠብን የራሳችንን በስልክ ነው የምንጠይቀው።

እዚህ መንግሥት የአረጋውያን ቤቶችን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣቸዋል። ከ2008 (በፈረንጅ) ጀምሮ ነው። ማንም ሰው ኢንተርኔት ገብቶ ያየዋል። ኮከቡ የሚወጣው ከሦስት ነገር ነው፦ ከቁጥጥር ውጤት፣ ከሠራተኛ ብዛት፣ ከታካሚዎቹ የጤና መለኪያ። ሦስተኛውን አብዛኛውን ቤቱ ራሱ ነው ሞልቶ የሚልከው፤ ስለዚህ ብዙ አይታመንም። የሠራተኛውንም ድሮ ራሳቸው ይሞሉት ነበር። በኋላ ከደሞዝ መዝገብ እንዲላክ ተደረገ። ደሞዝ ያልተከፈለውን ሰው አለ ማለት አይቻልማ።

ልምዴን ልንገርሽ፤ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትይኝ የሠራተኛውን ቁጥር እመርጣለሁ። ሰው በቂ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ሰው ከሌለ መልአክ ቢሆንም አይደርስም። እኔ ራሴ በአንድ ሌሊት ብዙ ሰው ተሰጥቶኝ ደወል እየሰማሁ መድረስ አቅቶኝ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

ተቆጣጣሪዎቹ የሚመጡት ሳይናገሩ ነው፤ ቢዘገይ በ15 ወር አንዴ ይመጣሉ። ያገኙትን ጥፋት ጽፈው ይሄዳሉ፤ ቤቱ ያንን ወረቀት ሰው በሚያየው ቦታ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። እኛ አገር ይሄ ባይኖርም ዘዴውን መውሰድ ይቻላል። ተቆጣጣሪዋ አንቺ ነሽ። ሳትናገሪ ሂጂ። ማታ ሂጂ፣ እሑድ ሂጂ፣ መብራት በጠፋ ቀን ሂጂ። ሌሊት ስንት ሠራተኛ ለስንት አረጋዊ እንደሚያድር ጠይቂ፤ መልሱን ግን ከሥራ አስኪያጁ አትቀበይ፣ ሄደሽ ቁጠሪ። እንግዳ የማያስገባበት ሰዓት ያለው ቤት፣ መታየት ያለበት በዚያ ሰዓት ነው።

አቡ_ሐናን

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ስለራሴ ልናገር፤ ለእህታችን ይጠቅማታል።

አባቴን ከወሎ ውጭ ባለ አንድ ከተማ፣ አንድ ቤት አስገብቼው ነበር። መርሳት ጀምሮት ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። ሁልጊዜ ንጹሕ ጀለቢያ ለብሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሽቶ ተቀብቶ ነው የማገኘው። ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ።

በሦስተኛው ወር ሱሪ ሳስለብሰው ቀበቶውን አየሁት። ከድሮው ቀዳዳ ወዲያ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳ አለው። በሚስማር የተበሳ ነው። አንዱ ከሌላው ሁለት ጣት ይርቃል። ሦስት ወር፣ ሦስት ቀዳዳ። ቀበቶውን የበሳው ሰው እየቀነሰ መሆኑን አውቋል ማለት ነው። ደውሎ አልነገረኝም።

ከዚያ እጁን አየሁ። አንጓው ላይ ምልክት አለ። «እየተነሳ እንዳይወድቅ በፎጣ ከወንበሩ ጋር እናስረው ነበር» አሉኝ፤ እንደ ጥሩ ነገር ነው የነገሩኝ። ወላሂ፣ ያን ቀን የነዳሁትን መንገድ አላስታውሰውም። ይዤው መጣሁ።

ሌላ የማይረሳኝ ነገር አለ። አባቴ እዚያ ቤት ከገባ በኋላ ውዱእ ሊያደርግ ሲል ውሃ የሚያቀርብለት አልነበረም። ቂብላውን የሚያሳየው አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ሱብሒ አምልጦት የማያውቅ ሰው ግድግዳ ግድግዳ እያየ ይውላል። እንዲህ ያለው ነገር በመዝገብ አይጻፍም። እህቴ፣ የእናትሽን ጸሎት ማን እንደሚያስታውሳት ጠይቂ። ሴት ልጅ ሴት እንድታጥባትም በውል አስገቢ።

ሜሪላንድ_ያለሁት

አቡ ሐናን፣ አላህ ይዘንልን። ለሠራተኛው እንዲመቸው ሰውን ማሰር ወይም በመድኃኒት ማስተኛት እዚህ በ1987 (በፈረንጅ) በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው። ታስሮ የሚውል ሰው ጡንቻው ይሟሟል፤ ሲፈታ የባሰ ይወድቃል። ለመውደቅ መፍትሔው ዝቅ ያለ አልጋ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስድ መብራትና ሰው ነው።

የሙጋዷ፣ ቀን ላይ ሁሉም አረጋውያን እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብለሽ ጠይቂ። ሰላማዊ ቤት ጫጫታ አለው። አንዱ ይጣራል፣ አንዷ ትቆጣለች።

ሐይቅ_ዳር

እኔ ደግሞ የምመክርሽ ከቤቱ ውጭ ካለው ሰው እንድትጠይቂ ነው። የሰፈሩ ቅሬ (እድር) ዘንድ ሂጂ። «ከዚህ ግቢ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ተቀበረ? ቤተሰብ ደርሶ ነበር? ማን አጠበ፣ ማን ገነዘ?» በይ። የወሎ ቅሬ ይሄን አይደብቅም። ሬሳውን ያጠቡ ሰዎች የአልጋ ቁስሉን አይተውታል። ያለ ሪፖርት የተቀመጠ ሪፖርት እዚያ ነው።

ባለሱቋንም ጠይቂ። ያ ቤት ሳሙናና ዳይፐር በሳምንት ስንት እንደሚገዛ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጠበቃው

አጭር ነገር። ውሉን ሳታነቢ አትፈርሚ። አራት ነገር በጽሑፍ ይግባ፦ ስትታመም በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደውሉልሽ፤ ሆስፒታል ማን እንደሚወስዳትና ማን እንደሚያስታምም፤ በማንኛውም ሰዓት ገብተሽ የማየት መብትሽ፤ ብታስወጫት የቀረው ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ። ፈቃዱን ደግሞ ግድግዳ ላይ ማየት አይበቃም። የሰጠው ቢሮ ዘንድ ሂጂና የፀናበትን ቀን አረጋግጪ። አረጋውያንን መርዳት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ አለ፤ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ይላል። እስከዚያው ግን እናትሽን የሚጠብቃት ውልሽና ዓይንሽ ነው።

ሲስተር_ከኮምቦልቻ

የረሳሁት ነገር፤ ኢንሱሊን። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ደሴ ብርድ ስለሆነ የተከፈተው ብዙም አያስቸግርም። ኮምቦልቻ ግን ይሞቃል፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁም ይሞቃል። «መብራት ሲጠፋ የት ታስቀምጡታላችሁ?» በይ። ደንግጠው ካዩሽ አስበውበት አያውቁም።

የሙጋዷ *(ከሦስት ሳምንት በኋላ)*

ይቅርታ ጠፋሁ። ያላችሁኝን አደረግኩ፤ ሁሉንም ልንገራችሁ።

ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ደሴ የሚያምረው ቤት ሄድኩ። ሳልደውል ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። ጥበቃው ብዙ አቆመኝ። «ለእናቴ ቀሪ ክፍያ ይዤ ነው» ስል ከፈተልኝ። ሳሎኑ ጨለማ ነው፤ ያ ትልቅ ቴሌቪዥንም። አንዲት ልጅ፣ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው፣ በስልኳ መብራት ብቻዋን ታጥባለች። ስንት ሰው ነው ያለው አልኳት። አሥራ አራት። ሌላ ሠራተኛስ? «ማታ እኔ ብቻ ነኝ» አለችኝ። ልጅቷን አልፈርድባትም፤ እጇ ተልጦ ነበር።

የክፍሎቹ በር ከውጭ በመወርወሪያ ተዘግቷል። «እንዳይወጡ ነው» አለች። ውስጥ ሻማ እየነደደ ነው። ሻማ፣ ከውጭ የተዘጋ በር፣ መራመድ የማይችሉ ሰዎች። ከአንዱ በር ኋላ የሆነ አባት «ልጄ፣ ልጄ» ይላሉ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን አንኳኳሁ። ከፈቱልኝ። ማንም «ለምን መጣሽ» አላለኝም። ሽታ ነበረው፤ የሌሊት ዳይፐር ገና እየተቀየረ ነው። ግን ሦስት ሰው ነው የሚሠራው፤ ለዘጠኝ አረጋውያን። ከአልጋዎቹ ራስጌ ደብተር ተንጠልጥሏል። ከፍቼ አየሁ። በእርሳስ ነው የተጻፈው፦ «6፡00 ወደ ግራ። 8፡10 በጀርባ። 10፡00 ወደ ቀኝ፣ ዳይፐር።» ስምንት ከአሥር የሚለውን ሳይ አመንኩት። የውሸት መዝገብ ቢሆን ሁሉም ድፍን ሰዓት ይሆን ነበር።

ኢንሱሊኑን ጠየቅኩ። አልደነገጡም። መብራት ሲጠፋ ሁለት ገንቦ አለ፤ ትልቁ ውስጥ ትንሹ ተቀምጦ መሀሉ እርጥብ አሸዋ ነው። ጓዳው ጥላ ውስጥ ነው ያለው። እጄን ከተትኩ፤ ይቀዘቅዛል።

ሽንት ቤቱ ግን መያዣ አልነበረውም፤ ወለሉም ያንሸራትታል። በያጅ አምጥቼ ግድግዳው ላይ የብረት ቱቦ አስበየድኩ። ለሁሉም ይሆናል። ቅሬውንም ጠየቅኩ፤ አንድ ሽማግሌ «የዚያን ቤት ሰው ስናጥብ ገላው ሙሉ ነው» አሉኝ። ሐይቅ ዳር፣ ያንን ጥያቄ ከየት እንዳመጣሽው አላውቅም፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ባለፈው ሰኞ እናቴን ይዣት ገባሁ። መዘኗት፤ 51 ኪሎ። ተረከዟንና ወገቧን አይተው ጻፉ። የሠራተኞቹ አለቃ ሴትዮ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ መጥታ እናቴ ፊት ለፊት ዝቅ ብላ ተቀመጠች። እኔን አላናገረችም፤ እሷን ነው።

«እትዬ፣ ቡና ይጠጣሉ?»

«እሺ።»

«በስኳር ነው በጨው?»

«እሺ።»

ሴትዮዋ አየቻት። ከዚያ ተነሳችና በትሪ ስኳርና ጨው በሁለት ስኒ አድርጋ አመጣች። የእናቴ ግራ እጅ ላይ አስጠጋችው። ዝም ብላ ጠበቀች። እናቴ ግራ እጇን አንስታ ጨዉን ነካች።

እኔ ዐምስት ወር «እሺ» ስትለኝ ስኳር ሳይነካው፣ ጨውም ሳይገባበት ባዶውን ሳጠጣት ነበር። ለስኳሯ ብዬ። ትራስ ደግፋ ቀና አደረገቻት፣ በትንሽ በትንሹ እየዋጠች ጠጣች። ለግፊቷ ሲባል ጨዉ ቁንጥር ብቻ ነው፤ ሲስተር እንዳትቆጪኝ።

በሁለት ሳምንት አንዴ እመጣለሁ። ቀኑን አልነገርኳቸውም።

ሲስተር_ከኮምቦልቻ

አልቆጣም። ቁንጥሯ ቁንጥር ትሁን እንጂ። ቤቱን በውስጥ ንገሪኝ፤ ከተረኝነት ስወጣ ግፊቷን እለካላታለሁ።

ወረኢሉ_67

ልጄ፣ ለእኔም አድራሻውን በውስጥ ላኪልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ባለቤቴም ትመጣለች። ሳንነግራቸው ነው የምንገባው።